አሠሪውን ሳያውቁ ሥራ ፍለጋ

ጉልበቱንና ዕውቀቱን አቅርቦ በደመወዝ ከመተዳደር በቀር ሌላ የኑሮ መሠረት የሌለው ሰው ወደ ሥራ ገበያ በሚወጣበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ «ሥራ አለ ወይ?» የሚለው ሳይሆን «አሠሪው ማን ነው?» የሚለው ነው። የድርጅቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ፣ ለደመወዝ የሚወጣው ገንዘብ ከየት እንደሚመነጭ፣ ሠራተኛ የሚመረጠው በደንብና በመመሪያ፣ በፎርማን ዓይን ወይስ በቤተሰብ ምክክር እንደ ሆነ ለይቶ ያላወቀ ሥራ ፈላጊ፣ የጫማው ሶል እስኪያልቅ ቢዞር እንኳ ድካሙ በአመዛኙ ከንቱ ይሆናል። የባለቤትነት መልክ በተለየ ቁጥር የአቀጣጠሩም መልክ ይለያል፤ ሥራ ፈላጊውም አቀራረቡን በዚያው መጠን መለየት ይኖርበታል።

በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ ጫፍ፣ ከአያት ወዲያ የተንጣለለው የካ አባዶ ይህን ችግር አጉልቶ ያሳያል። የጋራ ሕንፃዎቹ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በዕጣ ለባለ ዕድሎች ሲተላለፉ ከልዩ ልዩ ሠፈር የመጣ ሕዝብ የአንድ ደረጃ ወጪና ወራጅ ሆነ። በቀድሞው ሠፈር ማን የት እንደሚሠራ ይታወቅ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ከሆነ፣ የቡና ጎረቤቲቱም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ ከሆነች፣ ቅጥር መኖሩ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት በሠፈሩ ይሰማል። ዕጣው ግን ቤት አደለ እንጂ ጉርብትና አላደለም። ፊት ለፊት በሚገጥሙ ሁለት በሮች ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን የሥራ ቦታ ሳያውቅ ዓመት ያልፋል። ጥቂት የማይባለው ነዋሪ ደግሞ ተከራይ በመሆኑ በመጪው ዓመት የት እንደሚያድር እርግጠኛ አይደለም። በዚህ ክፍተት ውስጥ የገባው ደላላው ነው። ከደላላው ቀጥሎ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አለ፤ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የማመልከቻ ደብዳቤ ስምና ቀን ብቻ እየተቀየረለት ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤትም፣ ለብስኩት ፋብሪካም፣ ለውጭ ርዳታ ድርጅትም በአንድ ቃል ይላካል።

ይህ ልማድ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ታሪካዊ ምክንያት አለው። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ታላላቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ በከተማው ውስጥ ዋነኛው አሠሪ አንድ ሆኖ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ምደባውን ይጠብቃል፤ ሌላው ሥራ ፈላጊ በሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ ተራው እስኪደርስ ይቆያል። በሩ አንድ ስለ ነበረ ደብዳቤውም አንድ ቢሆን የሚያስከፍለው ዋጋ አልነበረም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ ግን ምደባው ቀረ፤ በ1985 ዓ.ም. አዲስ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ወጣ፤ የግሉ ባለሀብት፣ የውጭው ኩባንያ፣ የርዳታ ድርጅቱና የሰው ኃይል አቅራቢው ኤጀንሲ እያንዳንዱ የየራሱን በር ከፈተ። ተጨባጩ ሁኔታ በዚህ አኳኋን ሲለወጥ ልማዱ ግን ባለበት ቆመ። ዛሬም አባት ለልጁ «ማመልከቻህን አስገባና ጠብቅ» ይለዋል። ወረዳው ሥራ ፈላጊዎችን ይመዘግባል፤ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ዘርግቷል። ይሁን እንጂ መመዝገብ እንደ ቀድሞው መመደብ አይደለም። ልዩነቱን ያልተረዳ ወጣት ስሙ በመዝገብ መስፈሩን እንደ ቅጥር ቆጥሮ ሁለት ዓመት ይቀመጣል።

«ዛሬ ሥራ የሚገኘው በዘመድና በገንዘብ ነው፤ ደብዳቤ ቢያሳምሩ ምን ይፈይዳል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። አነጋገሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ዘመድ በየትኛው በር እንደሚሠራና በየትኛው እንደማይሠራ ሳይለዩ መናገር ተስፋ መቁረጥን እንደ ዕውቀት ማቅረብ ነው። በአንድ ጊዜ መቶ ሰፊዎችን የሚፈልግ ፋብሪካ ያን ሁሉ ሰው ከሥራ አስኪያጁ ዘመዶች መካከል አያገኝም። በአንጻሩ አንድ ገንዘብ ያዥ የሚፈልግ የሱቅ ባለቤት የማያውቀውን ሰው ካዝናው ላይ አያስቀምጥም፤ የዚህ ቦታ ዋነኛ ማመልከቻ ዋሱ ነው። በመሆኑም ነገሩን በየፊናው መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን እንመልከት፤ ብዙው ሕዝባችን «ሥራ» ሲል ዛሬም በልቡ ይህንኑ ስለሚያስብ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰውን የሚያየው በወረቀት ነው። በማስታወቂያው ላይ የመደቡ መጠሪያ፣ የሚፈለገው የትምህርት ዓይነትና የልምድ ዘመን ይጻፋል፤ ኮሚቴው የሚያደርገው ያንን ካመልካቹ ማስረጃ ጋር ቃል በቃል ማስተያየት ነው። ስለዚህ «ታታሪና ሥራ ወዳድ ነኝ» የሚለው ልመና እዚህ ቦታ የለውም። የሚጠቅመው የመደቡ መጠሪያ በትክክል መጻፉ፣ ዋናው ማስረጃ ከማይመለስ ኮፒ ጋር መቅረቡ፣ የሥራ ልምዱም ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ሥራና በስንት ደመወዝ እንደ ሆነ መግለጹ ነው። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ በየማስታወቂያው ግርጌ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ብዙዎች የሚወድቁት በዚህች መስመር ላይ ነው። በጋራዥ ስድስት ዓመት የሠራ መካኒክ ደመወዙን በእጁ እየተቀበለ ግብርም ሳይከፈልበት ከኖረ፣ ስድስቱ ዓመታት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳልነበሩ ይቆጠራሉ። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩ እናቶች ድካምማ በየትኛው ወረቀት ይገኛል?

እንግዲህ ለዚህ አሠሪ መዘጋጀት የሚጀመረው ማስታወቂያው በወጣበት ቀን ሳይሆን ከቀድሞው ሥራ በተለቀቀበት ቀን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ፣ ወይም በማናቸውም ጊዜ ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያስገድዳል። ከሥራ ሲወጣ በንዴት በር ደርግሞ የሚሄድ ሠራተኛ ይህን መብት እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ከወረቀቱ ቀጥሎ ፈተናው አለ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. ነባር ሠራተኞቹንና ኃላፊዎቹን ሳይቀር ለፈተና ማስቀመጡ የቀድሞው ማስረጃ ብቻውን የማይበቃበት ዘመን መምጣቱን ያመለክታል።

የመንግሥት የልማት ድርጅት ከሩቅ ሲያዩት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስላል። ነገር ግን በሲቪል ሰርቪሱ ሕግ ሳይሆን በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚተዳደር፣ የራሱ የደመወዝ እርከን ያለው፣ ትርፍና ኪሣራ የሚቆጥር ድርጅት ነው። አንዳንዱም የሚፈልገው የሠለጠነ ሰው ሳይሆን የሚሠለጥን ሰው ነው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪውን፣ ቴክኒሽያኑንና የበረራ አስተናጋጁን በራሱ ትምህርት ቤት ያሠለጥናል። ለእንዲህ ዓይነቱ አሠሪ የአሥር ዓመት ልምድ ደርድሮ ማቅረብ ያልተጠየቁትን መመለስ ነው።

ወደ ፋብሪካው ስንመጣ መልኩ ይገለበጣል። ለየካ አባዶ ነዋሪ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በጣም ሩቅ አይደለም። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከወረቀቱ ይልቅ የሠራተኛዋን ጣቶች፣ ዓይኗንና ትዕግሥቷን ይመዝናል። የፋብሪካው ትልቁ ሥጋት ሠልጥና ማሽኑን በለመደች በሦስተኛው ወር ትታው መሄዷ ነው፤ በአገራችን ኢንዱስትሪ ፓርኮች የሠራተኛ ፍልሰት ከፍተኛ ሆኖ መኖሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ እዚህ የምታመለክት ወጣት ማስረዳት ያለባት የት እንደምትኖር፣ ለጧቱ ፈረቃ በምን እንደምትደርስ፣ ማታም በምን እንደምትመለስ ነው። የዲግሪ ወረቀቷን ከሁሉ በፊት ብታስቀድም «ነገ ትሄዳለች» የሚል ጥርጣሬ ታተርፋለች። ሆኖም ጥያቄው የአንድ ወገን ብቻ መሆን የለበትም። እርሷም ፋብሪካው ምርቱን ለማን እንደሚሸጥ መጠየቅ አለባት። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ገበያ ስትወጣ ደንበኛው የራቀበት ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰ፤ የተዘጋም ነበረ። የስፌት ሠራተኛዋ እንጀራ ከውቅያኖስ ማዶ በሚፈረም ወረቀት ላይ ከተንጠለጠለ፣ ይህን አውቃ መግባትና ሳታውቅ መግባት አንድ አይደለም።

በግንባታው ሥራ ደግሞ ደብዳቤ የሚያነብ የለም። ገና ሳይነጋ መንገድ ዳር ከተሰበሰበው መካከል የሚመርጠው ካቦው ነው፤ የሚመርጠውም የሚያውቀውን ነው። ለሳኙ፣ ግንበኛው፣ ፌራዮው በሥራ ልምድ ማስረጃ ፈንታ የሚያቀርበው ከዚህ በፊት የሠራውን ግድግዳ ነው። እዚህ ላይ ያለው አደጋ ሥራ ማጣት ብቻ ሳይሆን ሠርቶ ገንዘብ ማጣት ጭምር ነው። ሥራው ከዋናው ሥራ ተቋራጭ ወደ ንዑስ ተቋራጭ፣ ከንዑሱም ወደ ሌላ ሲተላለፍ አሠሪው ማን እንደ ሆነ ይጠፋል። ሠራተኛው በሳይቱ ታፔላ ላይ የተጻፈውን የተቋራጭ ስም መዝግቦ መያዝ፣ የሠራባቸውንም ቀኖች በደብተር መጻፍ ይገባዋል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት እንዳለበት ያው አዋጅ ይደነግጋል። የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ዓመት ሙሉ «ገና በሙከራ ላይ ነህ» የሚባል ሠራተኛ የተነገረው ውሸት ነው።

የርዳታ ድርጅት አሠሪውን በታፔላው ብቻ መለየት እንደማይቻል ጥሩ ማስረጃ ይሰጠናል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ ጤና ሚኒስቴር በዚሁ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት ለመንግሥት ተቋም ነበር፤ የደመወዛቸው ምንጭ ግን ሌላ ነበር። ለርዳታ ድርጅት የሚያመለክት ሰው በሚፈለገው ቋንቋ፣ ይህን ያህል ሰው አገለገልሁ፣ ይህን ሠርቼ ይህን ውጤት አሳየሁ ብሎ በቁጥር መጻፍ አለበት፤ ቅጥሩ ለአንድ ፕሮጀክት ነውና ገንዘቡ የማን እንደ ሆነና መቼ እንደሚያበቃ ሳይጠይቅ ግን አይፈርም። ደመወዙ ከፍ ማለቱ የዕድሜውን ማጠር የሚያካክስ መሆን አለመሆኑ እንደ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሁኔታ የሚታይ ነው።

ይህ ጸሐፊ ከሁሉ ይልቅ ሊያተኩርበት የሚፈልገው የሰው ኃይል አቅራቢ ኤጀንሲውን ነው፤ የካ አባዶን በመሰሉ አዳዲስ መንደሮች ያለው ሥራ ፈላጊ በብዛት የሚያገኘው ይህን በር ነውና። አንድ ጥበቃ በባንክ በር ላይ ቆሞ ይውላል፤ የባንኩ ሠራተኛ ግን አይደለም። ትእዛዝ የሚሰጠው አንዱ፣ ደመወዝ የሚከፍለው ሌላው ነው። በዓል ሲመጣ ለሌሎች የሚሰጠው ጉርሻ እርሱን ያልፈዋል፤ በደል ሲደርስበት ባንኩ «አሠሪህ ኤጀንሲው ነው»፣ ኤጀንሲው ደግሞ «ባንኩ አልፈለገህም» ይለዋል። ባንኩ ለአንድ ጥበቃ በወር የሚከፍለው ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ ጥበቃው እጅ የሚደርሰው ስንት ነው? ይህን ልዩነት ራሱ ባለ ጉዳዩ አያውቀውም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር እንዲሆን ተወስኗል። ለግሉ ዘርፍ ግን የ2011ዱ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ከደነገገ በኋላ ዓመታት አልፈው የወለል ደመወዝ ሳይወሰን ቆይቷል። ወለል በሌለበት ቤት መሐል የቆመው አቅራቢ የፈለገውን ያህል ዝቅ አድርጎ ይቆርጣል።

ሕጉ በአንድ ነገር ላይ ግን ግልጽ ነው። የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ማለት ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎቱን የሚሰጥ ነው። «የመመዝገቢያ»፣ «የፎርም»፣ «የመጀመሪያ ወር ግማሽ ደመወዝ» እያሉ የሚሰበስቡት ሁሉ ከዚህ ትርጉም ውጭ ነው። ስለዚህ ወደ ኤጀንሲ የሚሄድ ሥራ ፈላጊ የመጀመሪያ ጥያቄው የደመወዙ መጠን ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ውሉን የሚፈርመው ማን ነው? የጡረታ መዋጮው፣ ማለትም ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ፣ ይገባል ወይ? የተመደበበት ድርጅት ውሉን ቢያቋርጥ ሌላ ቦታ ይመደባል ወይስ ይባረራል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚሸሽ ኤጀንሲ ባሕርዩን በገዛ እጁ አሳይቷል።

ከኤጀንሲውም የከፋው የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል፤ እርሷ እስከዚያው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ሥር ትኖራለች። ከገጠር መጥታ በደላላ እጅ የምትገባ ልጅ አሠሪዋን የመምረጥ ዕድል እንዳላት አድርጎ መጻፍ ቀልድ ይሆናል። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ምክር ሳይሆን ስሟን የሚያውቅ ጎረቤት ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ሥራ ፈላጊው እንደ እስስት ቀለሙን እየለዋወጠ ይዋሽ ማለታችን አይደለም። አንዱን እውነት ለአንዱ አሠሪ በወረቀት፣ ለሌላው በእጅ ሥራ፣ ለሦስተኛው በቁጥር ማቅረብ አንድ ነገር ነው፤ ያልተማሩትን ተማርሁ ማለት ሌላ ነው። ሐሰተኛ ማስረጃ ከዓመታት በኋላ በሚደረግ ማጣራት ሲገለጥ ሥራውን ብቻ ሳይሆን በእርሱ ላይ የተመሠረተውን ኑሮ ሁሉ ያፈርሳል። ሐሰተኛውን ወረቀት የሸጠው ሰው በዚያ ቀን የትም አይገኝም።

አሁን ወደ ማኅበሮቻችን እንመለስ። ከላይ የተዘረዘረውን ዕውቀት አንድ ወጣት ብቻውን ይሰብስብ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ዕውቀቱ በመንደሩ ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል፤ አንዱ ጎረቤት በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ይሠራል፣ ሌላው ካቦ ነው፣ ሦስተኛዋ ከኢንዱስትሪ ፓርክ ሰርቪስ ማታ ማታ የምትወርደው ናት። ቀድሞ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ማስታወቂያ ያነብ የነበረው ወጣት ዛሬ በቴሌግራም ከመጠን በላይ ማስታወቂያ ያገኛል፤ የጎደለው የትኛው አሠሪ ምን እንደሚፈልግ የሚነግረው ሰው ነው። የሕንፃው ማኅበር በሰሌዳው ላይ የውኃ ፓምፕ መዋጮ ያልከፈሉትን ስም ከሚለጥፍበት ቦታ ሩቡን ለዚህ ቢያውለው፣ በወር አንድ እሑድም ልምድ ያላቸው አባላት የወጣቶቹን ማመልከቻ አብረው ቢያዩ ወጪው የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ነው። በተለይ የዋስ ጉዳይ ሊታሰብበት ይገባል። ከሌላ ሠፈር የመጣ ሰው ሊዋስለት የሚችል ደመወዝተኛ የሚያገኘው እርስ በርስ በመተዋወቅ ብቻ ነው። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበሩን የባለቤቶች ማኅበር አድርጎ አቋቁሞታል፤ ይህ ግን ተከራዩን ከእሑዱ ስብሰባ የሚያስወጣ ምክንያት አይደለም፤ ሥራ ፈላጊው በብዛት የሚገኘው ከተከራዩ ወገን ነውና።

ደግሞም አንድ የማይነገር ነገር አለ። እነዚሁ ማኅበሮች ራሳቸው አሠሪዎች ናቸው። የሕንፃውን ጥበቃና የጽዳት ሠራተኛዋን የቀጠረው ማን ነው? በምን ዓይነት ውል? ስለ ኤጀንሲዎች ግፍ በስብሰባ ላይ የሚናገረው አባል በር ላይ የሚያድረው ሽማግሌ ጥበቃ የሳምንት ዕረፍት እንዳለው ጠይቆ ያውቃልን? ደመወዙ ከየቤቱ በሚለቀም መዋጮ ስለሚከፈል መዋጮው በዘገየበት ወር የሚጾመው እርሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውሉ የቃል ነው፤ ሲቀጠር የተጠየቀው ዋስ ብቻ ነው፤ ጡረታ የሚባል ነገር አልተነሣም። የየካ አባዶ የሕንፃ ማኅበራት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያቸው ከአሳንሰሩና ከውኃው ጥያቄ አስቀድመው የጥበቃውን ውል በጽሑፍ አድርገው በአጀንዳው አንደኛ ተራ ላይ ያስቀምጡት።